ቡፌ ውስጥ የታሰረው ሮቦት

ሰው በገዛ ገንዘቡ የፈለገውን ይግዛ። አርባውን የተሻገረ ጎልማሳ ከመኪናነት ወደ ሮቦትነት የሚቀየር መጫወቻ ቢሰበስብ አልስቅበትም፤ እንዲያውም እቀናበታለሁ። ደሜን የሚያፈላው ገዝቶ የማይከፍተው ነው።

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ዓምድ ስለሚያነብ ራሱን ያውቃል። ምሳው እስኪቀርብ ሳሎኑ ውስጥ ወዳለው ቡፌ ወሰደኝና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ትራንስፎርመርሶቹ እስከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። መሐል ላይ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለት ኦፕቲመስ ፕራይም አለ፤ ያንን የጥንቱን ቀይ ባለተሳቢ የጭነት መኪና አስመስለው በድጋሚ ያመረቱት። የካርቶኑ ማሸጊያ ፕላስተር እንኳ አልተነካም።

የሰባት ዓመት ልጁ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ኖሯል። «አባዬ፣ ዛሬ እንግዳ ስላለ እንክፈተው?» አለ። ብልጥ ነው፤ እኔን ምክንያት ሊያደርግ ነው። አባትየው «ከተከፈተ ዋጋው ይወድቃል አላልኩህም?» ብሎ ቡፌውን ቆለፈ። ዶሮ ወጡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ተቀይሜ በላሁ።

ከቡፌ ጋር ያለኝን ጠብ የቆያችሁ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። «ለእንግዳ» ተብሎ ስለሚቆለፈው፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እንዳይሰበር» ተብሎ ስለማይወጣው ብርጭቆ በዚሁ ገጽ ጽፌ ስንት እናት ተቆጥታኛለች። አሁን ደግሞ ሮቦቱም እዚያው ታሰረ። ብርጭቆስ ተቀምጦም ብርጭቆ ነው። ኦፕቲመስ ፕራይም ግን የጋቢናው መስታወት ደረት ካልሆነ፣ ሻንሲው ተስቦ እግር ካላወጣ፣ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ብቅ ካላለ፣ ምኑ ነው ትራንስፎርመር?

የዚህን መጫወቻ ታሪክ ላየ ሰው ነገሩ ሁሉ ለእጅ የተሠራ ነው። የጃፓኑ ታካራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዳያክሎን በሚባሉት መጫወቻዎቹ መኪናን ሮቦት ሲያደርግ ሾፌርም አብሮ ይሸጥ ነበር፤ ከአውራ ጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ፣ እግሩ ሥር ማግኔት ያለው ትንሽ ሰው። የአሜሪካው ሃዝብሮ መጫወቻዎቹን በፈቃድ ወስዶ በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ ለገበያ ሲያወጣቸው ሾፌሩን አስወረደው። ሮቦቱ ራሱ ነፍስ አለው፣ ነጂ አያሻውም ተባለ። ማርቭል ኮሚክስ ይሠራ የነበረው ቦብ ቡዲያንስኪ ለአብዛኞቹ ስምና ጠባይ ጻፈላቸው። ቅርጹ ግን እንዳለ ስለቀጠለ፣ የአንዳንዶቹን የዚያን ዘመን መኪኖች በር ከፍታችሁ ብታዩ ባዶ የሾፌር ወንበር ታገኛላችሁ። ይህችን ለማየት ታዲያ መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ቀጥሎም በሩን መክፈት የግድ ነው።

በ1985 ደግሞ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ስለበዙ ሃዝብሮ መጫወቻዎቹ ላይ በሙቀት የምትሠራ ትንሽ ተለጣፊ ምልክት አደረገ። በአውራ ጣት ሲያሿት ትሞቅና የተደበቀው ፊት ይወጣል፤ ሮቦቱ ከደጎቹ ወገን ይሁን ከክፉዎቹ ያኔ ይለያል። ትክክለኛው ዕቃ መሆኑ ይመሰከርለት የነበረው በመታሸት ነው። ዛሬ ሰብሳቢው በጓንት ይይዘዋል።

«ዋጋው ይጨምራል» የሚሉኝን ሰምቻለሁ። ብር ለማብዛት መሬት አለ፣ አክሲዮን አለ፣ ዕቁብም አለ፤ የልጅ መጫወቻ ላይ ምን አደረሳችሁ? ደግሞስ ፕላስቲክ ካርቶን ውስጥ ስለተቀመጠ አያረጅም። ነጩ እዚያው እንደታሸገ ቢጫ ይሆናል። የወርቅ ቀለም ብናኝ ተቀላቅሎበት የተሠራው የድሮ ፕላስቲክ ደግሞ ሰው ሳይነካው ይደርቅና መገጣጠሚያው ላይ ይፈረካከሳል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ በሽታ ነው። ከሃያና ሠላሳ ዓመት ጥበቃ በኋላ የሚወረሰው ስብርባሪ ከሆነ ዛሬ ልጁ ቢጫወትበት ምን ነበረበት?

በ1986ቱ የካርቱን ፊልም ኦፕቲመስ ፕራይም ሲሞት የአሜሪካ ልጆች ሲኒማ ቤት ውስጥ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። የገደለው የንግድ ስሌት ነበር፤ የድሮዎቹ መጫወቻዎች ከመደርደሪያ ወርደው ለአዲሶቹ ቦታ እንዲለቁ። ወላጆች በደብዳቤ ተቆጡ፣ በ1987 በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልም ከሞት አስነሡት። ያን ሁሉ ዕንባ ያመጣው፣ ልጆቹ ያንን መኪና አልጋ ውስጥ ይዘውት ስለገቡ፣ ከክንዱ የሚወልቁትን ጡጫዎች ሶፋ ሥር ተንበርክከው ስለፈለጉ ነው። ቡፌ ውስጥ ለሚኖር ካርቶን ማን ያለቅሳል?

በሌላው ጎራ ደግሞ እጃችንን ጨርሶ የሚያሳርፉን አሉ። በ2021 ሃዝብሮ ሮቦሰን ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ በድምፅ ሲታዘዝ በራሱ የሚቀየር ኦፕቲመስ ፕራይም አወጣ። ሆዱ ውስጥ 27 ሞተር አለው፤ ዋጋው 699 ዶላር ነበር። ቪዲዮውን አይቼ ማጨብጨቤን አልክድም። ከዚያ ለልጁ ምን ሥራ ተረፈለት ብዬ ሳስብ ያው ማጨብጨብ ብቻ ሆነብኝ።

ወደ ወዳጄ ቤት ልመለስ። ከምሳ በኋላ ልጁ የራሱን አመጣልኝ። አስፋልት ዳር ሸራ ዘርግተው ከሚሸጡት የተገዛ ቅጂ ነው፤ ቢጫ መኪና፣ አንድ ጎማ የጎደለው። የላላው የግራ ትከሻ መገጣጠሚያ የክብሪት እንጨት ስንጥር ተወትፎበት ጠብቋል። «ማን ጠገነልህ?» ስለው «እኔ ነኛ፣ ጋሼ» አለኝ። ኮፈኑን በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ደረት ሆነ። በሮቹን ወደኋላ አጠፋቸው፤ ክንፍ ሆኑ። የኋላውን ለሁለት ከፍሎ እግር አወጣለት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ጣቶቹን አያይም።

መኪናው ካማሮ መሆኑ ብቻ አልተመቸኝም። ባምብልቢ የሚባለው ይኸው ሮቦት በ1984 ሲመጣ ቢጫ ቮልስ ነበር። የ2007ቱ ፊልም ካማሮ አደረገው፤ በ2018 በራሱ ስም በወጣው ፊልም ወደ ቮልስነቱ መለሱት። ቮልስ ሰፈር ለሰፈር ሲንተከተክ እየሰማ ያደገ አዲስ አበቤ የትኛው እንደሚሻል አይጠየቅም።

ያ የክብሪት ስንጥር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሳስበው ጨረቃ ድረስ ወሰደኝ። ታካራ በ2006 ከቶሚ ጋር ተዋሕዶ ታካራ ቶሚ ሆኗል። ይኸው መጫወቻ ሠሪ ከጃፓን የጠፈር ድርጅት ከጃክሳ፣ ከሶኒና ከዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሶራ-ኪው የተባለች ሮቦት ሠራ፤ ስፋቷ 8 ሳንቲሜትር፣ ክብደቷ 250 ግራም ገደማ የሆነች ኳስ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ከተራን ስናከብር በዋልንበት ቀን ምሽት፣ ስሊም የተባለችው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ልታርፍ ስትል ኳሷን ጣለቻት። ኳሷ ለሁለት ተከፈለች፤ ሁለቱ ግማሾች ጎማ ሆኑላት፣ ከመሐሏ ካሜራ ወጣ። ከዚያ ዞራ ያመጣቻትን መንኮራኩር ፎቶ አነሣች። ስሊም በአፍንጫዋ ተደፍታ ማረፏን ያየነው በዚያ ፎቶ ነው። ኳስን ተሽከርካሪ የማድረጉ ጥበብ ከመጫወቻ ሠሪዎቹ የተገኘ ነው። ይህ ጥበብ የሚለመደው ካርቶን በመጠበቅ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ እኔ የምፈርደው ለልጅህ ነው። በክብሪት ስንጥር መገጣጠሚያ የሚጠግን ልጅ ያለው ሰው ሀብቱን ቡፌ ውስጥ አይፈልግም። በሚቀጥለው ስትጠራኝ ቁልፉን ለእሱ ሰጥተህ ጠብቀኝ።

ከውጭ ዘመድ እንዲህ ያለ ካርቶን የላከላችሁ አንባቢዎቼም ዛሬውኑ ክፈቱት። የመመሪያ ወረቀቱን ብቻ አትጣሉት፤ መኪናውን ሮቦት ማድረጉ ቀላል ነው፣ መልሶ መኪና ማድረጉ ነው የሚያስቸግረው።