ሜዳ ዳር ስለምንጮኸው ጩኸት



ባለፈው በዚሁ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ስለ ቦይ ጠረጋ ነበር። ዛሬ ስለ ልጆቻችን ኳስ ጥቂት ማለት ፈለግሁ።

ሦስት ሳምንት ሆነው። በታችኛው ሜዳ በተደረገው ግጥሚያ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሪጎሬ እንዲመታ ተሰጠው። ኳሱን ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁላችንም አይተናል። ታዲያ ዳር የቆምነው አዋቂዎች ምን አልን? «ይኼማ ፈሪ ነው፤ ለሌላ ይሰጥ!» አልን። አልን ስል ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ልጁ ሳተ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ አልታየም። እናቱን ብጠይቃቸው፣ ግጥሚያ ባለ ቁጥር ሌሊቱን ሲገላበጥ እንደሚያድር፣ ጠዋትም የቀመሰውን እንደሚያስመልሰው ነገሩኝ።

እንግዲህ ይህ ፈሪነት ተብሎ የሚሰደብ ነገር አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ለሩጫ ወይም ለትግል ይሰናዳል። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እጁን ያልበዋል፣ ሆዱ ይላወሳል፣ ሽንቱ ይመጣበታል። በትልልቆቹ ተጫዋቾችም ይደርሳል። ልክ ሲያልፍ ግን ጡንቻውን ይይዘዋል፤ በየቀኑ የሚመታውን ኳስ እንኳ እንዴት እንደሚመታ ይጠፋበታል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ከሁሉ ይብሳል።

የኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ 1986 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጣሊያንና ብራዚል ሲጫወቱ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስበን እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ሮቤርቶ ባጅዮ ሪጎሬውን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው። ይህ ሰው በዚያው ውድድር 5 ጎል አግብቶ ቡድኑን ለፍጻሜ ያበቃ ነው። ከሱ በፊት ሁለት ጣሊያኖች ስተው ነበር፤ እነሱን ማን ያነሣል? እሱን ግን እስከ ዛሬ እናነሣለን። ሆኖም በ1990 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ ከቺሌ ጋር ሲጫወቱ ሪጎሬ ሲገኝ መቺው እሱ ነበር፤ አገባም። ኳሱን የከለከለው የለም።

አንዳንድ አባቶች «ልጅ በጩኸት ነው የሚጠነክረው፤ እኛስ እንዲያ አይደል ያደግነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ እንዲያ ነው ያደግነው። ስንቱ ጓደኛችን በዚያው ኳሱን እርግፍ አድርጎ እንደተወ ግን ቆጥረን አናውቅም። ሴቶቹ ልጆቻችንማ ገና ለማሟሟቅ ሲወጡ እየተሳቀባቸው ስንቶቹ ቤታቸው ቀሩ!

አሠልጣኙን አነጋግሬዋለሁ። ልጆቹ ከመምታታቸው በፊት አየር በአፍንጫ ቀስ ብለው አስገብተው፣ ከገባበት ረዘም አድርገው እንዲያስወጡ ሊያለማምዳቸው ተስማምቷል። ሪጎሬም ልምምዱ ሲያልቅ፣ ደክሟቸው ሳለ፣ ጓደኞቻቸው እያዩ ይመታሉ። ማስመለሱና እንቅልፍ ማጣቱ የሚደጋገምበት ልጅ ካለ ወላጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

የኛ ድርሻ ደግሞ አፋችንን መያዝ ነው። በመጪው እሑድ ግጥሚያ ከመስመሩ አምስት እርምጃ ርቀን እንቁም። ጎል ሲገባ እናጨብጭብ፤ ሲሳትም እናጨብጭብ። ልጅን በስሙ እየጠራ የሚሳደብ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሜዳው እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

እኔም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ቤት ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የኳስ ጫማውን እናቱ አልጣሉትም፤ አልጋ ሥር አስቀምጠውለታል።

የማኅበሩ ጸሐፊ