«ተመችቶሻል» አትበሉን!

የድሮ ጎረቤታችን እትዬ መንገድ ላይ ያገኙንና ጉንጫችንን ቆንጠጥ አድርገው «ውይ ውይ፣ ተመችቶሻል! ምን ብታገኚ ነው?» ይላሉ። በዚያ ቀን የቀመስነው ሁለት ጉርሻ ሽሮ ነው፤ ከዚያ በላይ አልወረደልንም። ፊታችን ያበጠው ደልቶን አይደለም። አንገታችን ላይ ያለች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ሥራ ስላቆመችብን ነው። መቼም እትዬ ምን ያድርጉ? በእኛ አገር የወፈረ ሰው ተመችቶታል፣ የከሳ ተቸግሯል። ወፍሮ የታመመ ሰው የት ይግባ?

«እኛ» የምንለው ለመከበር ብለን አይደለም። ከአንድ የጋዜጠኝነት ክፍል የወጣን፣ ገና ሠላሳን ያልደፈንን ሁለት ሴቶች ነን፤ አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ታርማለች። (ዛሬ የጻፈችው ይበልጥ የደከማት ናት፤ ተራዋ ስለሆነ ምሕረት የለም።) ሁለታችንም የታይሮይድ ሆርሞን ያንሰናል። ሐኪሞቹ ሃይፖታይሮይዲዝም ይሉታል።

«ሁሉም ሰው ይደክመዋል» ትሉናላችሁ። አዎ፣ ይደክመዋል። ተኝቶ ሲነሳ ግን ይለቀዋል። እኛ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝተን ስንነሳ ሌሊቱን ጆንያ ስናወርድ ያደርን ነው የሚመስለን። ፀጉር ለማበጠር ክንድ ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ያበጠርነውም ግማሹ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ጉልበታችን ይከዳንና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ እንላለን። ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሄድ እኛ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። ቃለ መጠይቅ እያደረግን ጥያቄው ከምላሳችን ላይ ይጠፋል፤ እንግዳው ያየናል፣ እኛም እናየዋለን…

ለዚህ ሁሉ አገሩ ያዘጋጀልን ቃል አንድ ነው፦ ስንፍና። አንዷ በምትሠራበት ዝግጅት ክፍል አለቃዋ በስብሰባ መሐል «ይቺ ልጅ ስትመጣ እሳት ነበረች፤ የዘንድሮ ልጆች ምን እንደሚነካችሁ አይገባኝም» አላት። በዚያው ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ለነበረው ባልደረባዋ ደግሞ «ተዉት፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለለት። ልብ በሉ! ይህ ሕመም ከወንድ ይልቅ ሴትን በብዙ እጥፍ የሚያጠቃ ነው። ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለው ፍርድም በብዛት የሚወድቀው በሴት ላይ ነው።

ክሊኒኮቹስ? ታይፎይድ ነው ተብለናል። ጨጓራ ነው ተብለናል። ደም ማነስ፣ ጭንቀት፣ እንደገና ታይፎይድ። አንዱ ደግሞ መነጽሩን አውልቆ፣ በጣም አዝኖልን «ባል ስታገቢ ይለቅሻል» ብሎናል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አንገታችንን አልዳሰሰም። የደከመው ሁሉ ታይሮይድ አለበት አላልንም፤ ደም ማነስም እውነተኛ በሽታ ነው፣ ብዙ ሴቶችን ያደክማል። እኛ የምንለው ከመፍረዳችሁ በፊት መርምሩ ነው። ቲኤስኤች የሚባል አንድ የደም ምርመራ አለ። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ታይሮይድን «ሥሪ!» ብላ የምታዝበት ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ስትለግም ጩኸቱ ይበረታል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ሰነፏ እሷ ናት እንግዲህ፣ እኛ አይደለንም!

በዚህ አንገት ጉዳይ እንግዳ ሕዝብ ብንሆን ባልከፋ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን እኮ። ታይሮይድ ያለ አዮዲን አትሠራም፤ አዮዲን ደግሞ በዋናነት ከጨው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰን። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር አዮዲን ያለው ጨው የሚመጣበት መንገድ ተዘጋና ከአፋር የሚወጣውን አዮዲን ያልገባበትን ጨው መብላት ያዝን። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት ወደ 40 የሚሆኑት እንቅርት ተገኘባቸው። አርባ! እኛም ያኔ ሕፃናት ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። ሲፈለግ እንደሚቻል ያየነው እዚህ ላይ ነው።

ጨው ግን ሁሉንም አልፈታም። የእኛ ሐሺሞቶ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ሰውነት ራሱን ሊጠብቅ ያሰማራው ወታደር ዞሮ የገዛ እጢውን ይመታል። አንገት ሳያብጥም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «እንቅርት የለብሽም» ብላችሁ የምትሸኙን፣ «ጨው ጨምሪበት» የምትሉን፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። አዮዲን ሲበዛ እንዲያውም ያባብሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ለአንዲት የታመመች ሴት ወጋት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ከ130 ዓመት በላይ አለፈው ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መድኃኒቱ አሁንም ባል ነው! ነገሩ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሴት ስታረግዝ የሆርሞን ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ካልታከመች የፅንሱ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። «አግቢና ይለቅሻል» ያለን ሰውዬ ይህን ያውቅ ይሆን?

የዛሬው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የምትባል ትንሽ ክኒን ናት። ማለዳ በባዶ ሆድ በውኃ ትዋጣለች፤ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም የለም። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ አራት ሰዓት ይራቃታል። እንግዲህ በዚህ አገር ማለዳ ቡና አልጠጣም ማለት ከቤተሰብ መገንጠል ነው። «አንዲት ስኒ ምን ታደርግሻለች?» ትላለች እማዬ። ታደርጋለች እማዬ፣ መድኃኒቱን ሰውነት እንዳይወስደው ታደርጋለች። ጿሚ የሆናችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ማታ መዋጥም ይቻላል። ብቻ በአንድ ሳምንት ተአምር አትጠብቁ። መጠኑ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚለካው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ለመፍጠን ብሎ ሁለት መዋጥ ልብንም አጥንትንም ይጎዳል።

በቴሌግራም «ታይሮይድን ከነሥሩ የሚነቅል ሻይ» የምትሸጡ ደግሞ፣ እናንተን አንረሳችሁም። አንዳችን ሻዩን ገዝታ ክኒኑን ለሦስት ወር ጥላ ነበር። መጨረሻዋ ደረጃ መውጣት አቅቷት በታናሽ ወንድሟ ተደግፋ ላቦራቶሪ መሄድ ሆነ። የሙያ ባልደረቦቻችንም ከዚህ አታመልጡም፤ በሬዲዮ የጤና ሰዓታችሁ እነዚህን ሰዎች «የባህል ሐኪም» ብላችሁ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቁ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ።

ክኒኗን በአግባቡ እየዋጥንም፣ ቁጥሩ ተስተካክሎም፣ አንዳንድ ቀን ድካሙ ይመጣል። ከባዱን ጽሑፍ ጉልበት ባለን ሰዓት እንጨርሳለን፤ ቁጭ ማለት ሲያስፈልገን ቁጭ እንላለን፣ ሳናፍር። አለቆቻችን ሆይ፣ የምንለምናችሁ ደመወዝ አይደለም። የማለዳውን ፈረቃ ለሌላ ሰው ስጡልንና ማታውን እኛ እንሥራው፤ «ሰነፍ» የሚለውንም ቃል ውጤቱ እስኪመጣ ያዙት።

ይህን አርመን ስንጨርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ክኒኗን የዋጥነው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረናል፤ እማዬ ግን ቡናውን ቆልታ ጭሱን ወደ እኛ እያራገበች ነው።