ስትሮውን ከመግዛታችሁ በፊት ማስቀመጫውን አስቡ

 

ኬጂ የሚማር ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደውን የውሃ ኮዳ አምጡ። ክዳኑን ፍቱ፤ ስትሮውን ነቅላችሁ አውጡና ወደ መብራት አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ከዚያ አሽትቱት። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ጣታችሁን የሚያዳልጥ ነገር ከነካችሁ ወይም የሻገተ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ልጃችሁ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል አልፎ ነው ማለት ነው።

ብዙ እናቶች ኮዳውን በሚገባ ያጥባሉ። ውጪው ያበራል፣ ሆዱም ንጹሕ ነው። የሚረሳው ስትሮው ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ጣትም ስፖንጅም አይገባበትም። ከታጠበ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በቤታችሁ እየታጠበ የሚያገለግል ስትሮ ካለ፣ አብረውት ሁለት ነገሮች መኖር አለባቸው፦ ውስጡን የሚያጸዳ ቀጭን ብሩሽ እና ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ክዳን ያለው ማስቀመጫ። ሁለቱ ከሌሉ ስትሮውን ተዉትና ልጁን በኩባያ አጠጡት።

ለምን አሁን?

ወላይታ ሶዶ የፍራፍሬ አገር ናት። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ሙዙ ከየገጠሩ ይገባል። ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ መጠጣት የከተማችን አንዱ መዝናኛ ነው፤ አረካም ቦዲቲም እንዲሁ። በዚያ ላይ የብረትና የሲሊኮን ስትሮዎች ወደ ገበያ እየገቡ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ያተኮረው በፌስታል ላይ ቢሆንም፣ አንዴ ተጠቅሞ ከመጣል ይልቅ አጥቦ መጠቀም እየተለመደ መምጣቱ አይቀርም። ለአካባቢያችን መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አጥቦ መጠቀም የሚጠቅመው በትክክል ሲታጠብና በትክክል ሲቀመጥ ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ችግር ውስጡ ነው። የአቮካዶ ጁስ ወፍራምና ቅባት ያለው ነው። ወተትም፣ አጥሚትም እንዲሁ ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ቅባቱን አያስለቅቀውም። የቀረው ምግብ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ሲገናኙ ተህዋሲያን ይራቡና የሚያዳልጥ ቀጭን ሽፋን ይሠራሉ። ይህ ሽፋን በውሃ ብቻ አይነሳም፤ መፈግፈግ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ነው። በደንብ የታጠበ ስትሮ ክፍት ብርጭቆ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆመ እንበል። አቧራ ይገባበታል፣ ዝንብ ያርፍበታል። አንድ ሰው አንዱን ለማውጣት እጁን ሲሰድ የሌሎቹን አፍ ሁሉ ይነካካል። ያ እጅ ከመጸዳጃ ቤት መልስ በሳሙና ካልታጠበ፣ ቀጥሎ የሚጠጣው ልጅ የዚያን ሰው እጅ ወደ አፉ እንዳስገባ ቁጠሩት። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ የጉበት ብግነት "ኤ" ሁሉም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው፦ ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ አፍ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን ተነስቶ በብዙ ክልሎች የተዛመተው ኮሌራም መሠረታዊ መንገዱ ይኸው ነበር።

ጥሩ ማስቀመጫ ምን ዓይነት ነው?

በእጅ የሚያዝ፣ እንደ እርሳስ መያዣ ረዘም ያለ፣ ክዳን ያለው የስትሮ ማስቀመጫ አለ። ዘንበል ሲያደርጉት አንድ ስትሮ ብቻ ብቅ ይላል፤ ሌሎቹን ማንም አይነካቸውም። ለመግዛት ብታስቡ አራት ነገሮችን እዩ፦

1. ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚታጠብ ይሁን። ራሱ የማይታጠብ ማስቀመጫ ቆሻሻ ማከማቻ ነው።
2. አየር የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩት። እርጥብ ስትሮ አየር በሌለበት ከተዘጋ ይሻግታል፤ ክፍት ከመተው የተሻለ አይሆንም።
3. አንድ በአንድ የሚያወጣ ይሁን። የምትይዙት የስትሮውን መሐል እንጂ አፍ የሚነካውን ጫፍ አይሁን።
4. ያገለገለውና ንጹሑ አይቀላቀሉ። ለሁለቱ የተለያየ ቦታ ወይም የተለያየ ቀለም ያለው መያዣ ይኑር።

ካጣችሁ በቤት ውስጥም ይሠራል። ክዳን ያለው፣ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ ፍጹም የደረቁ ስትሮዎችን ብቻ አስገቡበት። ለመንገድ ደግሞ ከንጹሕ የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ይበቃል፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፣ ይተኮስ። ቁም ነገሩ ዋጋው አይደለም። ደረቅ፣ የተሸፈነ እና እጅ የማይበዛበት መሆኑ ነው።

እንዴት እንጠበው?

ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ሳይደርቅበት ወዲያው በውሃ አለቅልቁት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቢያንስ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በቀጭኑ ብሩሽ ከሁለቱም ጫፍ ፈግፍጉት። የኮዳ ስትሮ ከሆነ አፉ ላይ ያለውን ጎማም ነቅላችሁ እጠቡ፤ ሻጋታ በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና አቁማችሁ በአየር አድርቁት። በፎጣ አትጥረጉት፤ ፎጣው ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ወይም ቤት ውስጥ ተቅማጥ ያለበት ሰው ካለ በየቀኑ፣ የብረትና የሲሊኮን ስትሮ 5 ደቂቃ ቀቅሉ። ሙቀት የማይችለውን ፕላስቲክ ደግሞ ካጠባችሁ በኋላ፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና (5 በመቶ የሆነውን) ጨምራችሁ 2 ደቂቃ ንከሩትና በአየር አድርቁት። በረኪና ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታም ይቀመጥ። የተሰነጠቀ፣ የተቧጨረ ወይም ሽታው አልለቅ ያለ ስትሮ ይጣል፤ አታሳሱት።

የብረት ስትሮና ሕፃናት

ይህን በተለይ ለወላጆች እላለሁ። የብረት ስትሮ አይታጠፍም። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ቡና ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሕፃናት አፋቸውን እንደቆረጣቸው ከተነገረ በኋላ 2.5 ሚሊዮን የብረት ስትሮዎችን ከደንበኞቹ እንዲመለሱ ጠርቷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ሴት ክዳኑ ላይ የብረት ስትሮ የተተከለበት ብርጭቆ ይዛ ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች ለስላሳው ሲሊኮን ይሻላል። የትኛውም ስትሮ ቢሆን ልጁ እየሮጠ፣ ደረጃ እየወጣ ወይም ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አይጠጣበት።

ለጨቅላ ሕፃናት ደግሞ ጡጦም ስትሮም አያስፈልግም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ በንጹሕ ኩባያና ማንኪያ። ኩባያ ውስጡ ይታያል፣ እጅ ይገባበታል፣ ለማጠብ ይቀላል።

ለታካሚዎች

ስትሮ ጠላታችን አይደለም። የሚታጠፈው ስትሮ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 መጀመሪያ የተሸጠው ለሆስፒታል ነበር፤ ተኝቶ የሚታከም ሰው ቀና ሳይል እንዲጠጣ። መንጋጋው ተሰብሮ የታሰረለት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበት ወይም ቀና ማለት ያቃተው ታካሚ ያለ ስትሮ ይቸገራል። በአገራችንም ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ዎርምን ለመከላከል፣ ውሃውን በወንፊት እያጣራ የሚያስጠጣ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቧንቧ ለሰዎች ይታደላል። በትክክል ከተያዘ ስትሮ ጤናን ይጠብቃል።

ነገር ግን ለሁሉም ታካሚ አይሆንም። በስትሮክ የተመታና ሲውጥ የሚያስለው ሰው በስትሮ ሲጠጣ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትስጡት። ጥርስ የተነቀለም ሰው ለጥቂት ቀናት በስትሮ አይጠጣ፤ መምጠጡ የረጋውን ደም ያነሳና ከባድ ሕመም ያመጣል። ኦቶናም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የተኛ ሰው ስትጠይቁ ጁስ ከወሰዳችሁ፣ ስትሮውን በኪሳችሁ ወይም በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ መያዣ ውሰዱለት።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ኤችአይቪ በስትሮ ወይም በኩባያ አይተላለፍም። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ዕቃ በመጋራት አይደለም። ስለዚህ ስትሮ ለየብቻ ይሁን ስል ለቤቱ ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ አንድን ታማሚ ለይቶ ለማግለል አይደለም። የታመመ ወንድማችሁን ኩባያ ለይታችሁ ከማስቀመጥ ይልቅ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ አግዙት፤ መስኮቱንም ክፈቱለት።

"ግን እኛ ከአንድ ሳህን በልተን ነው ያደግነው"

ይህን የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ በጊፋታ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አብሮ መብላት ጌጣችን ነው፤ እንዲቀር የሚፈልግ የለም። ነገር ግን ማዕድ ላይ ከመቅረባችን በፊት እጅ ማስታጠቢያ ይዞራል። የእጃችንን ንጽሕና በዓይናችን እናያለን። የስትሮን ውስጥ ግን ማንም አያይም። የማይታየውን ነው ከሚታየው በላይ መጠንቀቅ ያለብን።

"ብርጭቆውስ ንጹሕ ካልሆነ?" ለምትሉም፦ ትክክል ነው፤ እሱም ንጹሕ መሆን አለበት። ብርጭቆን ግን ወደ ብርሃን አንስታችሁ አይታችሁ ትመልሳላችሁ። ጁስ ቤት ስትገቡ ስትሮው ክፍት ቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ ካያችሁት አስተናጋጁን በትህትና ጠይቁ፤ ወይ ያለ ስትሮ ጠጡ፤ ወይ የራሳችሁን ያዙ። የጁስ ቤት ባለቤቶችም፣ አንድ በአንድ የሚያወጣ ክዳን ያለው ማስቀመጫ ማስገባት ትልቅ ወጪ አይደለም። ደንበኛችሁ ልጁን ይዞ ነው የሚመጣው።

በመጨረሻ፣ ልጃችሁን ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ ቶሎ ጀምሩለት፤ ጡትና ምግብ አታቋርጡ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲወስድ አድርጉ። ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ደግሞ አትጠብቁ፤ በዚያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የኮዳውን ስትሮ ዛሬ ማታ እዩት። ያያችሁትን በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁም አጋሩ።