የባሌ እንቁራሪቶች፦ ከበሽታው ጎን የቆመው ሌላ ስጋት

በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችንና ጉርጦችን እየፈጀ ያለው የፈንገስ በሽታ ከኢትዮጵያ የራቀ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በሽታ አምጪው ፈንገስ በሀገራችን ደጋማ ስፍራዎች፣ በበርካታ የእንቁራሪት ዝርያዎች ላይ በስፋት እንደሚገኝ አሳይቷል።

ኪትሪድ የተሰኘው ይህ ፈንገስ በውኃ ውስጥ እየዋኘ ይተላለፋል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አካባቢም ይስማማዋል። የሚያጠቃው ቆዳን ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ውኃ ትወስዳለች፣ ትተነፍሳለች፣ የሰውነቷንም ጨው ታመጣጥናለች። ቆዳዋ ሲታመም የደሟ ንጥረ ነገሮች ሚዛን ይዛባል፤ በመጨረሻም ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት በሽታው ቢያንስ ለ501 ዝርያዎች መመናመን ምክንያት መሆኑን፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገልጿል።

ጉዳቱ በእንስሳቱ ብቻ አይወሰንም። እንቁራሪቶች ትንኞችንና እጮቻቸውን ይመገባሉ። በኮስታሪካና በፓናማ እንቁራሪቶች ካለቁ በኋላ የወባ ሕመምተኞች ቁጥር መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

በኢትዮጵያ ትልቁ ስጋት ያንዣበበው በባሌ ተራሮች ላይ ነው። በዚያ የሚገኙ አንዳንድ ዝርያዎች በሌላ የዓለም ክፍል አይታዩም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2009 ባደረጓቸው 15 የመስክ ጉዞዎች አራት ብርቅዬ ዝርያዎችን ተከታትለዋል። ከአራቱ አንዱ ከ1995 ወዲህ በእርግጠኝነት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ከተገኘበት ስፍራ ጠፍቷል።

ሆኖም አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፈንገሱ በባሌ ቢገኝም ተመራማሪዎቹ የሞተም ሆነ የተዳከመ እንቁራሪት አላገኙም። የዝርያዎቹ መመናመን ይበልጥ የተያያዘው ከመኖሪያቸው መጎሳቆል ጋር ነው።

ይህ ግን ፈንገሱን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። በታንዛኒያ የኪሃንሲ ፏፏቴ ውኃ እ.ኤ.አ. በ2000 ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተጠለፈ በኋላ፣ በፏፏቴው ርጭት የምትኖረው ትንሽ ጉርጥ ለችግር ተጋለጠች። ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥሯ በድንገት አሽቆለቆለ፤ ፈንገሱም በዚያው ወቅት ተገኘባት። በ2009 ከተፈጥሮ መኖሪያዋ መጥፋቷ ታወጀ። መኖሪያው የተናጋበት እንስሳ በሽታ ሲጨመርበት የሚገጥመውን አደጋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለባሌም ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንዴ በዱር የተሠራጨን ፈንገስ ከየጅረቱ ማጥፋት የሚያስችል መንገድ እስካሁን የለም። የጅረት ዳር ደንን መጠበቅ ግን በእጃችን ያለ ሥራ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ጥላው ይነሣል፤ ከብት በምንጩ ሲረግጥ ውኃው ይደፈርሳል፣ ዳርቻውም ይናዳል።

አርብቶ አደሩንና አርሶ አደሩን ከውኃው ማራቅ ግን ፍትሐዊም ዘላቂም መፍትሔ አይደለም። ከብቶች ከምንጩ ወረድ ብሎ በተዘጋጀ ገንዳ እንዲጠጡ ማድረግ፣ የተራቆተውን ዳርቻ በሀገር በቀል ተክል መሸፈን፣ ይህንንም በአካባቢው በተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ውስጥ ማካተት ይቻላል። ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው የሚሻገሩ ተመራማሪዎችና ጎብኚዎችም ጫማቸውን አጥበው ማድረቅ ይኖርባቸዋል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮና ኒያላ በጎብኚ ዓይን ይታያሉ፤ በቅጠል ሥር የምትኖረው እንቁራሪት ግን ብትጠፋም የሚያስተውላት ጥቂት ነው። ምንጩን የሚጠብቅ የአካባቢው ነዋሪ ለከብቱና ለቤተሰቡ የሚሆነውን ንጹሕ ውኃ ሲያተርፍ፣ እርሷንም ያተርፋል።