ሳላህ ወይስ ዊርትዝ? ከአርቡ ዴድላይን በፊት

የአዲሱ የ2025/26 ሲዝን የፋንታሲ ፕሪምየር ሊግ አርብ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ማታ 2፡30 ላይ ይቆለፋል። ሰሞኑን ከባቲም ከከሚሴም ኢንቦክስ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ ሳላህን እንያዝ ወይስ በእሱ ብር ዊርትዝን፣ ኤኪቲኬን ወይ ዮከሬሽን እንግዛ?

መጀመሪያ ሂሳቡ። ሳላህ ያለፈው ሲዝን 29 ጎልና 18 አሲስት አድርጎ 344 ነጥብ ሰብስቧል፤ በጌሙ ታሪክ ይሄን ያህል ያመጣ የለም። ዘንድሮ ዋጋው 14.5 ሆኗል። ዊርትዝ 8.5 ነው። ልዩነቱ 6 ሚሊዮን ነው፣ በ100 ሚሊዮን 15 ተጫዋች ለሚገዛ ሰው ቀልድ አይደለም። በዋጋ ስናካፍለው ዊርትዝ ከሳላህ እኩል አዋጣ እንዲባል 200 ነጥብ አካባቢ ማምጣት አለበት። ለመጀመሪያ ሲዝን ከባድ ነው። ግን ሳላህም 33 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሲዝኖች ያገባው 19 እና 18 ነበር። 344ን በየዓመቱ የሚጠብቅ ሰው ይጎዳል።

«አዲስ አይያዝም» የሚሉ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ይረሳሉ። ሳላህ ራሱ ሊቨርፑል ሲገባ በ9.0 ነበር፤ 32 አግብቶ በ303 ነጥብ ጨረሰ። ሃላንድ በመጀመሪያ ሲዝኑ 36 አገባ። ፓልመር በ5.0 ተገዝቶ 244 ነጥብ አመጣ። በሌላ በኩል ቨርነር ከጀርመን መጥቶ 6፣ ኑኝዝ ከፖርቹጋል መጥቶ 9 ጎል ነው ያገቡት።

ልዩነቱ ምንድነው? ችሎታ ብቻ አይደለም። ፓልመር ካገባቸው 22 ጎሎች 9ኙ ፔናሊቲ ናቸው። ሳላህ ደግሞ በጌሙ አማካይ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ በአንድ ጎል 5 ነጥብ ያገኛል፣ አጥቂ የሚያገኘው 4 ነው። ስለዚህ አዲስ ተጫዋች ስታዩ የዩቲዩብ ሃይላይቱን ተዉትና ፔናሊቲ ይመታል ወይ፣ ሙሉ 90 ደቂቃ ይጫወታል ወይ፣ ከየት ሊግ መጣ በሉ። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ቁመናዋን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም፤ ያስኬዳታል፣ ጥርሷን ያያል።

ዮከሬሽ በስፖርቲንግ 39 የሊግ ጎል አግብቶ ነው የመጣው። ኑኝዝም እዛው ሊግ ላይ 26 አግብቶ ነበር። እኛ በ9.0 ከመጀመሪያው ሳምንት አንገዛውም።

አሁን እንግሊዞቹ የፋንታሲ ተንታኞች የማያወሩትን እናውራ፤ ኔት። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። ያ ሲዝን ደግሞ የፓልመር ሲዝን ነው! ለንደን ያለው ልጅ ጥቅምት ላይ ፔናሊቲ ሲመታ አይቶ በርካሽ ገዛው፤ እዚህ ያለው ልጅ ነሐሴ ላይ የሠራው ቲም ላይ ተቀምጦ ቀረ። አዲስ ተጫዋች ክትትል ይፈልጋል። ቤንች ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ በጊዜው ካልሸጣችሁት ተጨማሪ ትራንስፈር በ4 ነጥብ ቅጣት ነው። ሳላህ ወይ ሃላንድ ግን ለሦስት ሳምንት ባትገቡም ይሰለፋሉ፣ ካፒቴን ከሆኑም ነጥባቸው እጥፍ ነው። ኔታችሁ የማይታመን ከሆነ ለተፈተነ ተጫዋች የምትከፍሉት ብር ትርፍ ብር አይደለም።

መሀል ላይ ያሉትን ደግሞ አትለፏቸው። ምቤሞና ኩኛ ለዩናይትድ አዲስ ናቸው እንጂ ለሊጉ አዲስ አይደሉም፤ ያለፈው ሲዝን 20 እና 15 አግብተዋል፣ ሁለቱም 8.0 ናቸው። ለዊርትዝ 8.5 ከመክፈል እነዚህን እንመርጣለን። ምቤሞ ብሬንትፎርድ እያለ የሚመታውን ፔናሊቲ ዩናይትድ ላይ ብሩኖ እንደሚመታው ግን አስቡበት።

የእኛ ቲም ሳላህ ካፒቴን፣ አንድ ምቤሞ፣ ከአዲሶቹ ኤኪቲኬ ብቻ። ዊርትዝን እስከ አራተኛው ሳምንት እናየዋለን፣ ከገባን ዋይልድካርድ አለ። ታኅሣሥ ላይ ሳላህና ምቤሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሄዱ ጌሙ ትራንስፈራችሁን እስከ 5 ስለሚሞላላችሁ ያን ጊዜ ዳታ እንዳያልቅባችሁ። በቴሌብር ብር አዋጥታችሁ ሊግ የከፈታችሁ ደግሞ ገንዘቡ ማን ጋ እንደሚቀመጥና ኔት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ ከአርብ በፊት ተስማሙ። የእናንተን ካፒቴን ኮመንት ላይ ጻፉልን።