ሰው ሠራሽ ጥርስ የጌጥ ዕቃ ነውን?

እስቲ «ፈ» በሉ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ፈ» በሉ። የላይኛው የፊት ጥርሳችሁ የታችኛውን ከንፈራችሁን ነካ። አሁን ደግሞ «ሰ» በሉ። ትንፋሹ በጥርሳችሁ መካከል ሾልኮ ወጣ። የፊት ጥርሱ የረገፈ ሰውስ እነዚህን ፊደላት እንዴት አድርጎ ይጥራቸው? ፊደሉን ያውቀዋል፤ አፉ ግን እሺ አይለውም። ጎልማሶች ተሰብስበው ጮክ ብለው ሲያነቡ ከኋላ ተቀምጠው ዝም የሚሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ሁሉም ፊደል ጠፍቷቸው አይደለም። አንዳንዶቹ ሰው እንዳይስቅባቸው ፈርተው ነው።

ከማንበብ በፊት ደግሞ መብላት አለ። በደባርቅና በዳባት፣ ከስሜን ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ ሁሉ፣ ዋናው እህላችን ገብስ ነው። ቆሎው ገብስ፣ ቂጣው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ከዚህ ማዕድ ብዙው ያልፈዋል። በሶ ይበጠበጥለታል፤ እንጀራ ይፈተፈትለታል። ቆሎው፣ ሥጋው፣ እሸቱ ግን ይቀርበታል። ሳያኝክ ይውጣል፤ ሆዱን ይነፋዋል። እየከሳ ሲሄድ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። ሁሉም እርጅና አይደለም። ጥርስ ማጣት ነው፤ ጥርስ ማጣት ደግሞ መላ አለው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል፣ ከመቶው 23ቱ በአፋቸው አንድም ጥርስ እንደሌላቸው ገምቷል።

መላው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ጥቂት ጥርስ ለጎደለው ሰው ከፊሉ ይሠራለታል፤ በቀሩት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ሁሉም ለረገፈበት ሙሉው ይሠራለታል፤ በድዱ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ማታ ወልቀው ጧት ይገባሉ።

ይህ ነገር ቀድሞ የሀብታም ብቻ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1781 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ከራሱ ጥርስ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከጉማሬ ጥርስና ከመሳሰለው የተሠራ ነበር፤ እሱም እያሳመመው ኖረ። አሁን ግን ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ድድ የሚመስለው ክፍል አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ወርቅ የጌጥ ዕቃ አይደለም። የሥራ ዕቃ ነው።

አሠራሩን እወቁት። መጀመሪያ ሐኪሙ አፍን ይመረምራል። የበሰበሰ ሥር ካለ ይነቀላል። ጤነኛው ጥርስ ግን ይተዋል፤ ለከፊሉ መደገፊያ ይሆናል። ድዱ እስኪሽር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ጥቂት ወራት ይጠበቃል። ከዚያ ሊጥ በመሰለ ነገር የድዱ ልክ ይወሰድና በጄሶ ቅርጹ ይወጣል። ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው አፍ ውስጥ ይለካሉ። በመጨረሻ ዋናው ተሠርቶ ይገባል። ድድ የሚያቆስል ቦታ ቢኖር ተመልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ መመላለስ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጣጣ። የጥርስ ሕክምና የሚገኘው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው ብንል፣ ጎንደር ከዳባት 75 ኪሎ ሜትር፣ ከደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተራራው ሥር ያለው ገበሬ መጀመሪያ ደባርቅ ለመድረስ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይጓዛል። ከዚያ የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለ። የሥራ ቀንም ይባክናል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሥር ማስነቀሉን በቅርብ ባለው ጤና ተቋም መጨረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ስንት ቀጠሮ እንዳለው፣ ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጻፉት። መጻፍ የተማርነው ለዚህ ነው።

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ የባዳ ባዳ ነው፤ እስኪለመድ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ አፍ በምራቅ ይሞላል፤ ንግግር ይንቀረፈፋል። በለስላሳ ምግብ ጀምሩ። ቁርስራሹን ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ በግራም በቀኝም አኝኩ። ፊደል እየጠራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ምላስ ይለምዳል። የሙሉው ጥርስ ጉልበት ከተፈጥሮው ጥርስ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ጠንካራ ቆሎ እንደ ወጣትነት ዘመን ይቆረጥማል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት። ቂጣና ዳቦ፣ የበሰለ ሥጋና ጎመን አኝኮ መብላት ግን ትልቅ ነገር ነው።

አያያዙም እንዲህ ነው። ማታ አውልቃችሁ በንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እጠቡት፤ አመድና አሸዋ ይቧጭረዋል። በፈላ ውኃ አትንከሩት፤ ይጣመማል። ስታጥቡት ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳህን አድርጉ፤ ቢወድቅ እንዳይሰበር። ካቆሰላችሁ በሞረድ አትሞርዱት፤ ወደ ሠራው ባለሙያ መልሱት። የሌላ ሰው ጥርስ አትዋሱ፤ የሟች አባት ጥርስም አይወረስም። ለአንድ አፍ ልክ ተሠርቷልና። መንጋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚሟሽሽ ጥርሱ ይላላል። ያን ጊዜ ከውስጡ ማስሞላት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን በአገራችን ለሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ተጀመረ። በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ሲታመም ይታከምበታል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሲጀመር መድኑ የማይሸፍናቸው ተብለው ከተለዩት ሕክምናዎች አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? ለውበት የሚደረግ ነው ተብሎ ነው። መልክ ከሚያሳምር ቀዶ ሕክምና ጋር በአንድ መስመር ተጻፈ።

እኔ በዚህ አልስማማም። የወርቅ ጥርስ ውበት ነው ቢባል እሺ። አንድም ጥርስ የሌላት የ70 ዓመት እናት ግን መብያ እንጂ ጌጥ አልጠየቀችም። ያለቀ ማረሻ የያዘ ገበሬ ማረሻውን ሲያድስ «ያጌጣል» የሚለው ማን ነው?

«የመድኑ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ በቅድሚያ ገዳይ በሽታ ይታከምበት» የሚሉ አሉ። ንግግራቸው እውነትነት አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዳዩን በሽታ ማስቀደሙ ትክክል ነበር። ዛሬም ወላድና ሕፃን ይቅደሙ። ነገር ግን መቅደምና ጭራሹን መቅረት የተለያዩ ናቸው። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጥርስ ይከፈል አላልሁም። ማኘኪያ ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን፣ አንድ ጊዜ፣ ቀላሉ የፕላስቲክ ዓይነት ይሸፈን ነው የምለው። እንዲህ ተብሎ በልክ ከተወሰነ ገንዘቡን አያሟጥጥም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምን እናድርግ? አንደኛ፤ የወረዳችሁን የዘንድሮ የመድን ደንብ ከቀበሌ ጠይቃችሁ ራሳችሁ አንብቡት። «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ሁለተኛ፤ በቀበሌያችሁ ጥርስ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስንት እንደሆኑ ቆጥራችሁ ጻፉ። ሦስተኛ፤ ጉዳዩን በስብሰባ አንሡና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ አቅርቡ። አራተኛ፤ አሥር ሰው በየራሱ አሥር ጊዜ ከሚመላለስ፣ አሥሩ በአንድ ቀን እንዲቀጠሩ፣ ቢቻልም ባለሙያው ደባርቅና ዳባት ድረስ መጥቶ ልክ እንዲወስድ ጠይቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

እስከዚያው ያለውን ጥርስ ጠብቁ። ጧትና ማታ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ አጽዱ። የተቦረቦረ ጥርስ ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ይሞላል፤ ሲቆይ ግን ይነቀላል። የሕፃንን ድድ «ግግ ነው» እያላችሁ በብረት አታስቦርቡሩ፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻልና። ልጆቻችን በእርጅናቸው የገብስ ቆሏቸውን በራሳቸው ጥርስ ይቆርጥሙ። ለዛሬዎቹ አረጋውያን ደግሞ ማመልከቻውን ዛሬ እንጻፍላቸው።