ያልታየ መስመር አልጠፋም

በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ንድፍ አንድ ወረቀት አይደለም፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ብዙ ወረቀቶች የተነባበሩበት ነው። ግድግዳው በአንዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በሌላው፣ የውኃ ቧንቧው በሦስተኛው ይሰፍራል። እያንዳንዱ «ሌየር» ይባላል። ቬክተርወርክስ የተሰኘው ፕሮግራም ደግሞ «ክላስ» የሚባል ሁለተኛ መደብ አለው፤ ሌየሩ ነገሩ የት (ለምሳሌ በየትኛው ፎቅ) እንዳለ፣ ክላሱ ምን እንደሆነ ያመለክታል። አንድ በር የሚታየው ሁለቱም እንዲታዩ ሲፈቀድ ብቻ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ተማሪው ከዓይኑ የተሰወረውን ሁሉ እንደሌለ መቁጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ በቀረበው አውቶካድ አንድን ሌየር «ኦፍ» ወይም «ፍሪዝ» ማድረግ ይቻላል። በስክሪኑ ላይ ልዩነት የላቸውም። ነገር ግን «ኢሬዝ» ብሎ «ኦል» የሚል ቃል የጻፈ ሰው ኦፍ ያደረገውን ቧንቧ ሳያየው ይሰርዘዋል፤ ፍሪዝ የተደረገው ይተርፋል። (ሁሉን ነገር በሌየር ዜሮ ላይ የሚከምረውማ ቧንቧውን ከግድግዳው ለይቶ መሰወርም አይችልም።)

ቧንቧው ያልታየበት ሉህ ለግንባታው ቦታ ቢደርስ፣ ቧንቧው በቢሙ ውስጥ ማለፍ እንዳለበት የሚታወቀው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ ቢሙን መሰርሰር ብረቱን መንካት ነው።

ስለዚህ የንድፍ ፈተና በታተመው ሉህ ብቻ መታረም የለበትም እንላለን። ፋይሉ ይከፈት፤ ሌየሮቹም ሁሉ ይብሩ። ለመምህሩ አድካሚ መሆኑን አንክድም፤ ቢሆንም ነጥቡ መሰጠት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።